አፕሎድ የተደረገ ፋይል የት ይቀመጥ?

[ስክሪን፦ የፋይል መላኪያ ቅጽ]

ተጠቃሚው ፎቶ መርጦ «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ፎቶው ሰርቨራችሁ ጋ ደረሰ። አሁን የት ታስቀምጡታላችሁ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዳታቤዝ ነው። ይቻላል። ብሎብ የሚባል የዓምድ ዓይነት አለ፤ የፋይሉን ባይቶች እንዳሉ ይይዛል።

[ስክሪን፦ የብሎብ መጠኖች]

ግን መጠኑን ልብ በሉ። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ተራው ብሎብ የሚይዘው 65,535 ባይት ብቻ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የዳታቤዙ ጥብቅ ሁነታ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ መረጃ አልቀበልም የሚልበት ቅንብር፣ ከተዘጋ ደግሞ ይብሳል፦ ፋይሉ ተቆርጦ ይገባል፣ የምታገኙት ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሚዲየምብሎብ እስከ 16 ሜጋባይት፣ ሎንግብሎብ እስከ 4 ጊጋባይት ይይዛል። ፋይሉን በቤዝ64 ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ማስገባቱን ግን ተዉት። መጠኑን በሲሶ ያሳድገዋል እንጂ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ዳታቤዝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ፋይሉና ስለ ፋይሉ የሚመዘገበው መረጃ በአንድ ትራንዛክሽን ይገባሉ፤ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ኪሳራው የሚታየው ፋይሉ ሲበዛ ነው። ባካፑ ያብጣል፣ መልሶ መጫኑም ሰዓታት ይፈጃል። ማይክሮሶፍት ሪሰርች በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ከ256 ኪሎባይት በታች ለሆነ ፋይል ዳታቤዝ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከ1 ሜጋባይት በላይ ለሆነው ደግሞ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ዲስክ ላይ ያለ ተራ ፎልደር። ሶፍትዌሩም ሃርድዌሩም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፣ አቅጣጫው ግን ዛሬም ይጠቅማል።

[ስክሪን፦ ሠንጠረዡና ፎልደሩ ጎን ለጎን]

ስለዚህ እኔ የምመክረው ይሄን ነው። ፋይሉን ዲስክ ላይ ወይም ክላውድ ማከማቻ ውስጥ አስቀምጡ። ዳታቤዙ ውስጥ የፋይሉን አድራሻ፣ የመጀመሪያ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ መጠኑንና ባለቤቱን መዝግቡ።

ተጠቃሚው የሰጠውን ስም ለማስቀመጫነት በፍጹም አትጠቀሙ። ስሙ ውስጥ «../» የሚለውን ምልክት ደባልቆ ከፎልደራችሁ ውጭ ሊጽፍ የሚሞክር አለ። ራሳችሁ የዘፈቀደ ስም ስጡት። ብራውዘሩ «ይሄ ምስል ነው» ስላለም አትመኑ፤ የፋይሉን ይዘት አንብባችሁ አረጋግጡ። ፎልደሩም ማንም ሰው በሊንክ በቀጥታ ከሚደርስበት ቦታ ውጭ ይሁን። አለበለዚያ ምስል መስሎ የገባ ኮድ ሰርቨራችሁ ላይ ሊሠራ ይችላል።

[ስክሪን፦ የማስገባትና የመሰረዝ ቅደም ተከተል]

አሁን ፋይሉና ዳታቤዙ ውስጥ ያለው መዝገቡ ተለያይተዋል፤ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስታስገቡ ፋይሉን አስቀድሙ፣ መዝገቡ ይከተል። ስትሰርዙ ግን መዝገቡን አስቀድሙ፣ ከዚያ ፋይሉን። መሃል ላይ ሰርቨሩ ቢወድቅ የሚተርፈው ባለቤት አልባ፣ ማለትም መዝገብ የሌለው፣ ፋይል ነው። እሱ ቦታ ከመያዝ ውጭ ተጠቃሚውን አይጎዳም። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ተጠቃሚው የሌለ ፋይል ሊከፍት ይሞክራል። ባለቤት አልባዎቹን ማታ ማታ የሚያጸዳ ትንሽ ስክሪፕት ይበቃል። ስክሪፕቱ ገና መዝገባቸው ያልገባ አዳዲስ ፋይሎችን እንዳይጠርግ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ያለፋቸውን ብቻ ይሰርዝ።