ዋናውን ቤት አከራይታ ሰርቪስ ውስጥ የምትኖር ከተማ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የሚያጉረመርመው የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ላጠፋው አልችልም፤ ያለሁት ጅቡቲ ነው፣ ወሩም ሐምሌ ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አቧራ እየዘገነ ይነፍሳል፣ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ ሌሊቱም ቢሆን ምሕረት የለውም። ደግሞ እኮ ይህ መሣሪያ የሚሠራው በእኛው ኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መስመሩ ከተገናኘ ወዲህ የጅቡቲ ሐሩር የሚታለፈው በኢትዮጵያ ወንዞች ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

አንዲት አድማጭ "ባሕር ዳር መኖር ታድሎ ነው፤ መቼም በየቀኑ ትዋኚያለሽ" ብላ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቆይቼ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት ስወጣ ባሕሩን አየዋለሁ፣ ስመለስም አየዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የምነካካው ወረቀት ሁሉ በባሕር የመጣ ዕቃ ወረቀት ነው። እግሬን ውኃው ውስጥ የምነክረው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስንፍናዬን አልክድም፤ ግን ስንፍና ብቻ አይደለም።

ካርታ ብትገልጡ ከተማዋ ወደ ባሕሩ ዘልቃ የገባች መሬት ላይ ናት። በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ወይ ባሕር ታገኛላችሁ፣ ወይ ባሕሩን የሚጋርድ አጥር። የሚበዛው አጥሩ ነው። በሰሜን አሮጌው ወደብ አለ። ኤሮን በሚባለው ሰፈር የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አለ፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻነት ቢሰጡም ጨርሰው አልወጡም። በምዕራብ ዶራሌ አዳዲሶቹ ወደቦች አሉ፤ ከእነሱ አጠገብ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተችው የጦር ሰፈር አለ፣ ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋ ነው። አምቡሊ ከሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ደግሞ አሜሪካኖቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ካምፕ ሌሞኒዬን ይዘው 4,000 ያህል ሰው ያኖራሉ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው አካባቢ ሰፈረች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በውጭ አገር የመሠረተችው የመጀመሪያ ሰፈር። ጣሊያንም አለች። የተረፈውን ጥሩ ጥሩ ዳርቻ ትልልቅ ሆቴሎች ይዘውታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያቸውን ክፍል ክፍል አድርገው የሚያከራዩ እትዬዎችን ታውቋቸዋላችሁ። ዋናውን ቤት ለድርጅት ያከራያሉ፣ እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ሰርቪስ ውስጥ ይኖራሉ። ጅቡቲን ሳያት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

እንዳትሳሳቱ፣ እየወቀስኳት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፣ የሚታረስ መሬቷ እፍኝ አይሞላም፣ የሚጠጣ ውኃ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በቧንቧ ከእኛ አገር ይመጣላታል። ያላት ትልቁ ሀብት የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ባብ ኤል መንደብ፣ ያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው ጠባብ በር፣ ደጃፏ ላይ ነው። በስዊዝ በኩል ከሚያልፈው መርከብ አብዛኛው በፊቷ ያልፋል። አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትከፍላለች። እኔ በቦታዋ ብሆን ምን ላከራይ ነበር? መልስ የለኝም። ቅሬታዬ ያለው ኪራዩ ላይ አይደለም፣ ለባለቤቶቹ የቀረው ክፍል ላይ ነው።

ስለ ወታደሮቹ ስትጠይቁኝ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ፍርሃት ትጠብቃላችሁ። የዕለት ተዕለት ኑሮው ላይ የሚሰማው ፍርሃት አይደለም፣ ድምፅ ነው። አምቡሊ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመንገደኛ አውሮፕላንም፣ የፈረንሳይ ተዋጊ ጀትም፣ የአሜሪካ ጭነት ጫኝም ተራ ጠብቀው የሚነሡት ከእሱ ነው። የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖችም ከዚያው ይነሡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አንዱ ከከተማዋ አቅራቢያ ከወደቀ በኋላ፣ በ2013 ሻቤሌ በሚባል በረሃ ወዳለ ማረፊያ ተወሰዱ። አሁን ጀት ሲያልፍ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ልጆች ከድምፁ ብቻ የማን አገር እንደሆነ ይለያሉ፤ ቢያንስ እናውቃለን ብለው ይወራረዳሉ።

ፍርሃት ጨርሶ የለም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 የውጭ ዜጎች በሚያዘወትሩት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የአልሸባብ አጥፍቶ ጠፊዎች ቦምብ አፈንድተዋል። ማታ ማታ ወታደሮቹ የሚዝናኑበትን መሐል ከተማ ሳልፍ ይህ ትዝ ይለኛል። አደባባዩ በመንግሥት ስሙ የነጻነት ቀን መታሰቢያ ነው፣ ሰው ግን አሁንም ፕላስ ሜኔሊክ ይለዋል። በምኒልክ ስም ከሚጠራ አደባባይ ዳር ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ስጠጣ፣ አጠገቤ ጸጉራቸውን የተላጩ ወጣቶች በሦስት አራት ቋንቋ ሲያወሩ እሰማለሁ። እርስ በርስ በዓለም ፖለቲካ የሚፋጠጡ አገሮች ልጆች እዚህ አንድ አስተናጋጅ ነው የሚታዘዛቸው። ከፍ ባለው ደረጃ ግን መፋጠጡ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካኖቹ ከቻይና ሰፈር በኩል በተለቀቀ ሌዘር አብራሪዎቻችን ዓይናቸውን ተጎዱ ብለው ከሰሱ፣ ቻይናም አላደረግሁም አለች።

ለከተማው ሰው የቀረው ባሕር ሲየስታ የሚባለው ዳርቻ ነው። ፎቶ ላይ አያምርም። ውኃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ ከኋላው ሰፊ እርጥብ ጭቃ ይቀራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የእረፍት ቀን ነውና፣ ያ ጭቃ የኳስ ሜዳ ይሆናል። ሸሚዛቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጎል የሚሠሩ ልጆች፣ ሰፊ ስስ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚገቡ እናቶች፣ ጉንጫቸው በጫት የተነፋ ሽማግሌዎች። ጫቱም የእኛ ነው፣ በየቀኑ ከወደ ሐረርጌ ይገባል። ከዚያ ወደ የመን ዓሣ ቤቶቹ ነው የሚኬደው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ በርበሬ ይቀባና የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ዳሩ ያረረ፣ ውስጡ የሚንጠባጠብ። ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ወረቀት ላይ ይቀርባል፤ ሹካ ብትጠይቁ ትዝብት ላይ ትወድቃላችሁ።

አገር ቤት ስደውል የባሕር በር ወሬ አያልቅም። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ቀይ ባሕር ነው። ይገባኛል፤ ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነው፣ ኪራይዋን ከሚከፍሉት ውስጥ ወታደር ያላሰፈርነው ትልቁ ተከራይ እኛ ነን። ግን ይህን ሁሉ ጭነት የሚያመላልሱት ሰዎች ባሕሩን እንዴት እንደሚያውቁት ማን ጠይቆ ያውቃል? ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪናዎች ማቆሚያ አንድ ጋሼን ስለ ጭነት ወረቀት ላነጋግራቸው ሄጄ ነበር። ከተሳቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሽሮ እያበሰሉ ነው። በጋላፊ ድንበር በኩል ስንት ዘመን ተመላልሰዋል። "ጋሼ፣ ባሕሩ ጋ ሄደው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ባሕሩ የት ይሄዳል? ተራዬ ግን ያልፈኛል" አሉኝ፣ ማንኪያውን ሳያቆሙ።

ሲየስታ ቢመጡ ባሕሩም እንደሚሄድ ያዩ ነበር ብዬ አሰብኩ፣ አልተናገርኩም።

አሁን ለጠየቀችኝ እህት ቁም ነገሩን ልንገራት። መምጣት ካሰብሽ በሐምሌና በነሐሴ አትምጪ። በኅዳርና በጥር መካከል ነይ። ያኔ አየሩ ደስ ይላል፣ ወደ አርታ ዳርቻም ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ይመጣሉ። ሰው አይነኩም፣ ምግባቸው በአብዛኛው ደቃቅ የባሕር ተሕዋስ ነው፤ በጀልባ ወጥተሽ አጠገባቸው መዋኘት ትችያለሽ። የፈረንሳይ ጦር የበረሃ ማሠልጠኛም እዚያው አርታ ዳርቻ ላይ ነውና ወታደር ብታዪ አትደንግጪ፣ ካሜራሽን ግን ወደ ዓሣው ብቻ አዙሪ። ከተማ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የታጠረ ነገር ሁሉ ፎቶ አይነሣም። ዋጋውን ደግሞ ጀልባው ላይ ሳትወጪ በፊት ተስማሚ፣ በፍራንክ።