ጋዝ ቦይለር አውጥቶ በኤሌክትሪክ መሞቅ፦ ሶላርና ባትሪ የሚረዱት የቱ ላይ ነው?

[ምስል፦ ለንደን፣ የጃንዋሪ ጠዋት። ላብ ያዘለ መስኮት። ኩሽና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቦይለር፣ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ።]

ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚሞተው በብርድ ቀን ነው። አብዝቶ የሚሠራው ያን ጊዜ ነዋ። ውሃው ቀዝቅዟል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው፣ የመጣው ቴክኒሻን «ነገ አዲስ ጋዝ ቦይለር እገጥምላችኋለሁ» ይላል። እሺ ትላላችሁ። ምን አማራጭ አላችሁ? እንዲህ ሆኖ ሌላ አሥራ ምናምን ዓመት ከጋዝ ጋር ትቆያላችሁ።

ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት እንድታስቡበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

የማወራው እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የራሳቸው ቤት ላላቸው ነው። ስኮትላንድ መንግሥት ለዚህ ለውጥ የሚሰጠው ድጎማ አሠራሩ የተለየ ነው። የግል ቤት የተከራያችሁ ከሆነ ውሳኔው የባለቤቱ ነው፤ ግን እሱም ድጎማውን መጠቀም ስለሚችል ንገሩት።

[ምስል፦ ጣሪያ ላይ ሶላር ሲገጠም።]

ብዙ ሰው እንዲህ ሲያስብ እሰማለሁ። ጣሪያው ላይ ሶላር እሰቅላለሁ፣ ባትሪ እገዛለሁ፣ በጋዙ ቦታ ኤሌክትሪክ ቦይለር አስገባለሁ። ፀሐይ ደግሞ ቢል አትልክም።

ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሊወስዳችሁ ይችላል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

እዚህ አገር ብርድና ፀሐይ ሆድና ጀርባ ናቸው። ለንደን ውስጥ ጁን ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ዲሴምበር ላይ 8 ሰዓት አይሞላም፤ ያችም ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ነው የምትሄደው። 4 ኪሎዋት የሆነ ሶላር በዓመት 3,500 ኪሎዋት ሰዓት (ቢላችሁ የሚቆጠርበት መለኪያ) ገደማ ቢሰጥ፣ ዲሴምበር ላይ የሚደርሳችሁ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ያ ቤት ደግሞ በጣም በቀዘቀዘ ቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊፈልግ ይችላል።

3 ለ60። ባትሪው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን የጁንን ፀሐይ አስቀምጦ ለጃንዋሪ አያደርስላችሁም። የቤት ባትሪ የአንድ ቀን ስንቅ ነው እንጂ የክረምት ጎተራ አይደለም።

[ምስል፦ ሁለት የቢል ወረቀት ጎን ለጎን።]

አሁን ወደ ገንዘቡ። የጋዝና የኤሌክትሪክ ገበያ ተቆጣጣሪው ኦፍጄም በ2025 አንድ አማካይ ቤት በዓመት 11,500 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ይጠቀማል ብሎ ነበር የሚያሰላው። በ2025 ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በነበረው የዋጋ ጣሪያ ጋዝ በኪሎዋት ሰዓት 6.29 ፔንስ፣ ኤሌክትሪክ 26.35 ፔንስ ነበር። ኤሌክትሪክ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

በዚህ ዋጋ የጋዙ ቢል 720 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ቦይለሩ የተወሰነውን በጭስ ማውጫ ስለሚለቅ ቤት ውስጥ የሚገባው ሙቀት 10,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። ያንኑ በኤሌክትሪክ ቦይለር ብታመጡት? ከ2,600 ፓውንድ በላይ። ኤሌክትሪክ ቦይለር በትልቁ የተሠራ የውሃ ማፍያ ነው። አንድ ይወስዳል፣ አንድ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ አንድ ቀን ውስጥ ይገጠማል፤ ቢሉ ግን ዓመት በዓመት ይከተላችኋል። ለትንሽ ስቱዲዮ ይሆን ይሆናል። ለቤተሰብ ቤት አልመክርም።

ሂት ፓምፕ ግን ሌላ ነገር ነው።

[ምስል፦ የፍሪጅ ጀርባ፤ አንድ እጅ ጠጋ ብሎ ሲነካው።]

እጃችሁን ከፍሪጅ ጀርባ አድርጉ። ይሞቃል። ያ ሙቀት ከወተቱና ከወጡ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕም ይኸው ነው፤ የሚያቀዘቅዘው የውጪውን አየር ነው፣ የሚያሞቀው እናንተን። «ውጪ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ምን ሙቀት አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ሂት ፓምፖች ውስጥ የሚዞረው ፕሮፔን ነው፤ እሱ በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው። ለእሱ ዜሮ ዲግሪ ሙቅ ነው። እዚህ ፕሮፔኑ አይቃጠልም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ።

በደንብ ከተገጠመ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ወይም 3 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ ያ 10,000 በ3.5 ሲካፈል 2,860 ገደማ ኤሌክትሪክ ይሆናል። በቀኑ ዋጋ 750 ፓውንድ። ከጋዙ ጋር ተቀራረበ እንጂ ገና አልረከሰም። ባትሪው የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ስማርት ሜትር (ፍጆታውን ራሱ ለኩባንያው የሚልክ ቆጣሪ) ላለው ሰው የሌሊት ታሪፍ ይሰጣሉ፤ ከቀኑ ግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያም በታች። 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሌሊት ከመስመሩ ይሞላል፣ ቀን ለቤቱ ይሰጣል። ሂት ፓምፑ ራሱም ሌሊት በርካሹ ሰዓት ትንሽ ጠንከር ብሎ ይሠራል። በዚህ መንገድ አማካይ ዋጋው ወደ 15 ፔንስ ቢወርድ የሙቀቱ ቢል 430 ፓውንድ አካባቢ ይመጣል። ባትሪው ሲሞላና ሲለቅ አሥር በመቶ ያህል ይባክናል፤ እሱንም አስቡበት።

እንግዲህ በክረምት ባትሪውን የሚሞላው ርካሹ ሌሊት ነው እንጂ ፀሐይ አይደለችም። ሶላሩ ከማርች እስከ ኦክቶበር ይክሳችኋል፤ የቀን ፍጆታችሁን ይሸፍናል፣ ሙቅ ውሃ ይሰጣል፣ የተረፈውን ደግሞ ለኩባንያ ትሸጣላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አለኝ። ግን ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጃንዋሪን የሚያሻግራችሁ ሂት ፓምፑ ነው፣ ከዚያ ባትሪው።

[ምስል፦ ራዲያተር ላይ ያረፈ የእናት እጅ።]

እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ራዲያተሩን ነካ አድርጋ «ልጄ፣ ሂቲንጉ ጠፍቷል» አለችኝ። አልጠፋም። ክፍሉ 20 ዲግሪ ነበር፣ እሷም ሹራቧን አውልቃ ነበር። ጋዝ ቦይለር ውሃውን 65 እና 70 ዲግሪ አድርሶ ይልካል፤ ራዲያተሩ እጅ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሂት ፓምፕ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚልከው፣ 35 ወይም 45፣ ግን ቀኑን ሙሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ ራዲያተር በትልቅ የሚቀየረው።

እኛ ቤት ገጣሚው ውሃውን 55 ዲግሪ ላይ ትቶት ሄደ። የመጀመሪያውን ወር ቢል ሳይ ደነገጥኩ። ወደ 40 ዝቅ አደረግነው፤ ውጪው ሲቀዘቅዝ ብቻ ራሱ ከፍ እንዲል አስተካከልነው። ቤቱ እንደዛው ሞቀ፣ ቢሉ ወረደ። የውሃው ሙቀት ዝቅ ባለ ቁጥር ሂት ፓምፑ ብዙ አይደክምም።

ገጣሚ ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት ብክነት ለክታችኋል?» ሜትር ይዞ ክፍል ለክፍል ያልዞረ፣ መስኮቱንና ጣሪያውን ያላየ ሰው በስልክ ዋጋ ከሰጣችሁ ተዉት። ሎፍቱ (ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ) ሙቀት በሚይዝ ነገር ያልተሸፈነ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አስሸፍኑ። በተቀደደ ጆንያ እህል አይሞላም።

ለሂት ፓምፕ መንግሥት 7,500 ፓውንድ ይሰጣል። ኤምሲኤስ የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ ያለው ገጣሚ ራሱ ያመለክትና ከሒሳባችሁ ላይ ይቀንሰዋል። ኤሌክትሪክ ቦይለር ይህን አያገኝም። ቫት ለሂት ፓምፕም፣ ለሶላርም፣ ለባትሪም እስከ ማርች 31 ቀን 2027 ዜሮ ነው።

[ምስል፦ ምጣድ ላይ እንጀራ ሲጋገር፤ ከጎኑ የኢንቨርተሩ ማሳያ።]

ይህ ደግሞ ለእኛ ቤት ነው። ምጣድ የሚያበራ ሰው የባትሪውን መጠን ብቻ አይጠይቅ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎዋት እንደሚለቅ ይጠይቅ። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ቤቱ ወደሚጠቀምበት የሚቀይረው ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ 3.6 ወይም 5 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው። ትልቅ ምጣድ ብቻውን ወደ 3 ኪሎዋት ይወስዳል። ሂት ፓምፑም እየሠራ ከሆነ ትርፉ በውድ ዋጋ ከመስመር ይመጣል። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በርካሹ ሰዓት ነው ወይም ፀሐይ ባለበት ቀትር ላይ። አሮጌ ቤት ከሆነ ዋናው ፊውዝ 60 አምፒር ብቻ ሊሆን ስለሚችል እሱንም አሳዩ።

አገር ቤት መብራት ሲጠፋ የኖረ ሰው «ባትሪ ካለኝ መብራት አይጠፋብኝም» ይላል። ተጠንቀቁ። መስመሩ ሲቋረጥ ሲስተሙ ራሱን ያጠፋል፤ መንገድ ላይ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ እንዳይገድል። በዚያ ሰዓትም እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ መጠባበቂያው ለብቻው መገጠም አለበት። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ጋዙን ከቤት ጨርሶ ለማስወጣት ምድጃውም መቀየር አለበት። ቆጣሪው እስካለ ድረስ ባትጠቀሙም በየቀኑ 30 ፔንስ ያህል ትከፍላላችሁ፤ በዓመት ከ100 ፓውንድ ያልፋል። እኛ ኢንዳክሽን፣ ማለትም ድስቱን ራሱን በማግኔት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አስገባን። ድስቱ ሁሉ ሠራ። የሸክላው ጀበና ግን አልሠራም፤ ኢንዳክሽን ማግኔት የሚይዘው ብረት ካልሆነ አያሞቅም።

[ምስል፦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ላይዋ ጥቁር ጀበና።]

ጀበናውን መተው አልሆነልንም። 1 ኪሎዋት የምትወስድ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛን። እሑድ ቀትር ላይ ሰማዩ ከጠራ፣ ኤፕሪል ላይ እንኳ፣ ቡናው ሦስቱም ዙር ከጣሪያው በመጣ ኤሌክትሪክ ይፈላል።