ፓምፑን ማን ገደለው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ ትራክተር ሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው፤ ዘይት እየገፋ ማረሻውን ስለሚያነሳው ዕቃ። ትራክተር የሌላችሁም ትንሽ ታገሡኝ፣ እንዳትሄዱ።

ይህን ርዕስ ያነሳሁት አንድ ነገር ከልቤ ስለማምንበት ነው። አሮጌ ትራክተር ላይ ፓምፕ እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይሞትም። የሚገድለው ነገር አለ። ገዳዩ ሳይገኝ አዲስ ፓምፕ ማስገጠም ብርን ጭቃ ውስጥ መጣል ነው።

ትራክተሩ የአጎቴ ነው። ሰንዳፋ አካባቢ ነው የሚያርስበት፤ ለራሱም ለጎረቤትም። ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። ሞዴሉ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ነው። ሞተሩ ዛሬም ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የመጣው ከኋላ ነው። ጠዋት ዲስክ ማረሻውን ሳያንገራግር ያነሳል። ረፋድ ላይ፣ ዘይቱ ሲሞቅ፣ ማንሳቱ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል። ቀትር ላይ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሊዞር ሲል ማረሻው ከመሬት አልነሳም ይላል።

ይህ የሆነው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ሰኔና ሰኞ ገጠመ የሚባለው ይሄኔ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ወረፋ የያዘው ገበሬ ብዙ ነው። የእኛ አገር ጥቁር አፈር እንደሆነ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረቀ ድንጋይ ነው፣ ከራሰ ጎማ ይይዛል። መሃል ላይ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው የሚታረስባቸው።

ያየው ሁሉ «ፓምፑ ሄዷል፣ ቀይሩት» አለ። አጎቴ የሚያምነው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ። ጋሼ ነው የምንለው። ገና ዕቃውን ሳያወርድ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ሞቷል እንዴ?»

«ቢሞትስ ልጄ? መጀመሪያ ማን እንደገደለው እንወቅ።»

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ትንሽ ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ነገር ስላለው። የዚህ ትራክተር ፓምፕ ከውጭ አይታይም። ከመቀመጫው በታች፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው። የሚያንቀሳቅሰው የፒቲኦው ዘንግ ነው፤ ፒቲኦ ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ አውጥቶ ለሌላ መሣሪያ የሚሰጠው ክፍል ነው። ስለዚህ የፒቲኦው ማንሻ ካልገባ ማረሻውን የሚያነሳው ክፍል፣ ሊፍቱም፣ አይሠራም። ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት እሱን እዩ። ውስጡ 4 ፒስተኖች አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተቀመጡ። ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ካም፣ ከመሃሉ ወጣ ያለው ብረት፣ እየገፋ ያመላልሳቸዋል።

ይህን ሥርዓት ያመጣው የሰሜን አየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ባወጣው ትራክተር ላይ በስፋት ታወቀ። የፈርጉሰን ሃሳብ ማረሻን አንስቶ ማውረድ ብቻ አልነበረም። ማረሻው ጠንካራ አፈር ሲገጥመው ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፣ አንድ ስፕሪንግ ይጨመቃል። ያ እንቅስቃሴ የፓምፑን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይነካል። ፓምፑ ማረሻውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ይተላለፋል፣ ጎማው አፈሩን ቆንጥጦ ይይዛል። ትንሽ ትራክተር ትልቅ ሥራ የምትሠራው በዚህ ነው።

ስለዚህ ፓምፑ ሲደክም ዳገት የሚሆነው ማንሳቱ ብቻ አይደለም። ጥልቀቱ አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ ይንሳፈፋል። ጎማው ይሽከረከራል። ናፍጣው ይሄዳል። አጎቴ «ዘንድሮ ናፍጣ ትበላለች» ሲል ነበር። ሁላችንም ሞተሩን ነበር የምናየው።

ዋናው ነገር ግን ዘይቱ ነው። ፓምፑ የራሱ ዘይት የለውም። ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም፣ ሊፍቱም የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው፣ ወደ 30 ሊትር። ከማርሽ የተላጠ ብናኝ፣ የገባ ውሃ፣ ሁሉም ፓምፑ ጋ ይደርሳል።

ጋሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና አሳየን። ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። ውሃ ነው። ከየት ገባ? የማርሹ ዱላ ሥር ያለው ጎማ ተቀዷል። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ያድራል፤ የክረምቱ ዝናብ በዱላው እየወረደ ይገባል። ሰንዳፋ ደግሞ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀን የሞቀው ብረት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ጠብታ ይሆናል።

ከመፍታታችን በፊት ጋሼ ጌጅ፣ የግፊት መለኪያ፣ አስገጠመ፤ ሊፍቱ ክዳን ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ። ደህና ፓምፕ ግፊቱ ወደ 200 ባር ይደርሳል። የእኛው ሲቀዘቅዝ ደህና ወጣ፣ ሲሞቅ ወረደ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ሙቅ ዘይት ይቀጥናል፣ ክፍተት ባገኘበት ያመልጣል። ክፍተቱ ግን ፓምፑ ላይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከፓምፑ ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦ ኦሪንግ፣ ክብ ማሸጊያ ጎማው፣ ሊሆን ይችላል። የሊፍት ሲሊንደሩ ሲልም፣ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያሽገው፣ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጡ ግን ወደ ፓምፑ ይጠቁማል፤ ከ4ቱ ፒስተኖች አንዱ ዘይት ሳይገፋ ሲቀር ሊፍቱ እየዘለለ ነው የሚነሳው።

ማረሻውን አውርደን ፈታነው። መቀመጫው ወረደ፣ ከባዱ ክዳን በሰንሰለት ተነሳ፣ የፒቲኦው ዘንግ ወደ ኋላ ተስቦ ወጣ፣ በግራና በቀኝ ፓምፑን የያዙት ፒኖች ተፈቱ። ከዚያ ፓምፑ ከላይ ወጣ።

ማጣሪያው በዝገትና በጭቃ ተደፍኗል። ሁለት ቫልቮች ዝገት ይዟቸው አይዘጉም። የመቆጣጠሪያ ቫልቩ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ፣ መቀመጫ ቀዳዳው ግን ንጹሕ ነው። ውሳኔው ያለው እዚህ ነው። ያ ቀዳዳ ተጭሮ ቢሆን፣ ወይም ካሙና ካሙ የሚገፋው ብሎክ ተበልተው ቢሆን፣ እኔም ቀይሩት እል ነበር። ሰውነቱ ደህና ከሆነ ግን ቫልቭ፣ ስፕሪንግ፣ የፒስተን ቀለበትና ሲል ለውጦ ማደስ ይሻላል። እኔ የድሮውን ብረት አምነዋለሁ፣ እስኪከዳኝ ድረስ።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ አገኘነው። የማሲ ዲዛይን በህንድና በፓኪስታን ለረጅም ዘመን ስለተመረተ መለዋወጫው አልጠፋም። ጥራቱ ግን ይለያያል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለኩ። የስፕሪንጉን ርዝመት ሳይቀር። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር የሲሊንደሩን ሲልና ኦሪንጎቹንም ለወጥን። ለርካሽ ጎማ ብሎ ያን ሁሉ ብረት ዳግም ማንሳት ያናድዳል።

ከዚያ የመጣው ክርክር ነው የማይረሳኝ። ፓምፑ ታድሷል። ጎረቤቱ እየጠበቀ ነው። አጎቴ «ዛሬውኑ ይገጠም» ይላል። ጋሼ እምቢ አለ። ውስጡን በናፍጣ አጠበ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጠረገ። በጣቱ ጥግ ጥጉን ዳሰሰ። ዘይት ሞልቶ ትራክተሩን ያለ ሥራ አስነሳ፣ አሞቀው፣ ያንንም ዘይት አፈሰሰው። አጎቴ የዘይቱን ዋጋ እያሰበ ፊቱ ተለወጠ። አልፈርድበትም፣ 30 ሊትር ቀላል ብር አይደለም።

እኔ ግን ያ ዋናው ጥገና ነበር እላለሁ። እዚያው ሰፈር ሌላ ትራክተር አዲስ ፓምፕ ተገጥሞለት፣ በአሮጌው ዘይት፣ አንድ ክረምት እንኳ ሳይሻገር ተመልሶ ተኝቷል። ባለቤቱ ሻጩን ነው የሚረግመው። ዘይቱን ማንም አላየውም።

የተቀደደው የዱላ ጎማ ተቀየረ። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። ሌሊት ላይም ሸራ ይለብሳል።

አሁን ማረሻው ቀትር ላይም ይነሳል፣ ሳይንቀጠቀጥ። ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ፣ ማጣሪያውን ከፍተን እናየዋለን።

አንድ አደራ አለኝ። ሃይድሮሊክ ሲያፈስ በእጃችሁ አትፈልጉት። በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠጉ። ከተነሳ ማረሻ ሥርም ማንም አይግባ፣ ትራክተሩ አዲስም ይሁን አሮጌ።

እንዲህ ያለ ትራክተር ደጃችሁ የቆመ ካለ ደግሞ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ዛሬውኑ መዝዛችሁ እዩ፣ የማርሹን ዱላ ጎማም ዳስሱ። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ሰላም ሁኑልኝ።