ጢሱ በማን በኩል ያልፋል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ጢስ መሳቢያ ማጣሪያ ለውጥ እንደምንነጋገር ነግሬያችሁ ነበር፤ ነገር ግን በብየዳ ክፍሎችና በላቦራቶሪዎች ከማደርገው የጢስ መሳቢያ ፍተሻ የሰሞኑ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ማጣሪያው ይቆየንና እሱን ልናገር።

የስንዝር ሕጌን ታውቁታላችሁ፤ የመሳቢያው አፍ ከጢሱ ምንጭ ከስንዝር በላይ አይራቅ የምለውን። የብየዳ ክፍሉን አለቃ ጋሼንም ታውቋቸዋላችሁ። ያየሁትም እዚያው ነው። አንድ ወጣት በያጅ የብረት ሳጥን ውስጠኛ ማዕዘን ላይ አጎንብሶ ይሠራ ነበር። የጢስ መሳቢያው ክንድ (እንደ ክንድ የሚንቀሳቀሰው ቱቦ) አፍ ከወጣቱ ራስ በስተኋላ፣ ከትከሻው ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ጢሱ ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ተነሣ፤ በማስኩ አገጭ ሥር ገባ፤ በጆሮዎቹ ግራና ቀኝ ወጣና ተሰብስቦ ወደ ክንዱ አፍ ሄደ። ምንም ወደ ክፍሉ አልተበተነም። ጋሼ ከጎኔ ቆመው፣ «እይማ ልጄ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚውጠው!» አሉኝ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ያ ክንድ እንዲገዛ ምን ያህል እንደደከሙ አውቃለሁ። በክንዱ አፍ ላይ የለካሁት የአየር ፍጥነትም የሚያጠግብ ነበር። መሣሪያው ይሠራል። ሰውየውም ጢሱን ይተነፍሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ።

ሻማን እፍ ብሎ ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል፤ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ከንፈርን እሳቱ ላይ ካላስጠጉ በቀር አይቻልም። ክንዱም ከዚህ አያልፍም። ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር የሆነ አፍ ላይ ያለው ፍጥነት፣ ከአፉ 16 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ሲባል ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ከዚያ ከቀረችው ሩብ ያህሏ ብቻ ትተርፋለች። የብየዳ ጢስን ምንጩ ላይ ለመያዝ በሰከንድ ከ0.5 እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ይፈለጋል። ስለዚህ ከራስ በላይ የተሰቀለው ክንድ ጢሱን ስቦ አልነበረም የያዘው፤ ትኩስ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ የመጣለትን ተቀበለ እንጂ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ፊት አለ። አፉ ከብየዳው በስተጎን፣ ስንዝር ያህል ቀርቦ ቢቀመጥ ኖሮ ጢሱ ወደ ፊቱ ሳይደርስ ይጠመዘዝ ነበር።

ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን የሚከተለው ነው። ወጣቱ ኤሌክትሮድ ለመቀየር ቆመ፤ ማስኩን አነሣ፤ ክንዱን አየው። እጁን አነሣ። እጁ ወደ መያዣው መንገድ አጋምሶ ነበር፤ ከዚያ ወረደ። አዲሱን ኤሌክትሮድ አስገባ፤ ማስኩን ደፋ፤ ቀጠለ። ያች የተነሣችና የወረደች እጅ ምን አስባ ነበር? አይቶ ነበር፤ ያላወቀ ሰው እጁን አያነሣም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ብየዳውን ከአየር የሚከልለው ጋዝ፣ የአርጎን ጉዳይ ነበር፤ በመከላከያ ጋዝ የሚበይዱ ሰዎች ክንዱ ከልክ በላይ ሲቀርብ ጋዙን ነጥቆ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ እንደሚያደርገው ስለሚያውቁ መራቅን ይመርጣሉ። እሱ ግን በኤሌክትሮድ ነበር የሚሠራው፤ ያ ሥጋት በእሱ ላይ ብዙም አይሠራም። ወይም ደግሞ ልማዱ ከሌላ ሥራ ተከትሎት መጥቶ ይሆናል። ኋላ ክንዱን ራሴ አንቀሳቅሼ አየሁት። በአንድ እጅ ይመጣል። ስለቀው ግን ትንሽ ይቆይና ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ መገጣጠሚያዎቹ ላልተዋል። በየኤሌክትሮዱ የሚሸሽ ነገር ማን ደጋግሞ ይመልሳል? ይህን ማብራሪያ ወድጄው ነበር፤ በመፍቻ የሚፈታ ችግር ሰውን ያሳርፋል። ይሁንና ምክንያቱ እሱ መሆኑን ማረጋገጥ አልችልም።

እንዲህ ሳስብ ሐሳቤ ወደምፈትሻቸው ላቦራቶሪዎች ሄደ፤ እዚያ ነገሩ ይብሳል መሰለኝ። ስፋታቸው 75 ወይም 100 ሚሊሜትር የሆኑት ቀጫጭን ክንዶች ከመሣሪያ በላይ ለሚወጣ ሙቀትና መጠነኛ እንፋሎት ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም በሦስት ጎን ተዘግቶ ከፊቱ መስተዋት የሚወርድለትን የጭስ ማስወገጃ ካቢኔ አይተኩም። መርዛማ ነገር በክፍት ጠረጴዛ ላይ ይዞ ክንድ ማስጠጋት ጥበቃ አይደለም። በያጁ ቢያንስ ጢሱ የሚሄድበትን መንገድ በዓይኑ ያያል። እንፋሎት አይታይም፤ ተማሪዋ ክንዱ የት እንደሚስብ የምታውቀው የሙከራ ጢስ ከተነፋላት ብቻ ነው። ማጣሪያውም ቢሆን፣ 0.3 ማይክሮን ከሆኑ ብናኞች 99.97 በመቶውን የሚያስቀረው እንኳ ጋዝን አያስቀርም። ለነገሩ ማጣሪያውን ለሌላ ጊዜ ብለናል።

አንዳንዴ እቆጣለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2017 የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በ2019 ደግሞ የብሪታንያ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን ለተራ ብረት ብየዳ እንኳ የክፍሉ አጠቃላይ አየር ማናፈሻ ብቻውን እንደማይበቃ አስታውቋል። ይህ ሁሉ ታውቆ፣ የጥበቃው የመጨረሻ ስንዝር ግን ሥራ በያዘችና በምትቸኩል አንዲት እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፍተሻ ቅጼ ለፍጥነት ረድፍ አለው፤ ለቱቦውም ለማራገቢያውም አለው። ለእጁ የለውም። በአስተያየት ቦታው ላይ «የክንዱ አቀማመጥ ከትንፋሽ ቀጠና በስተኋላ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰውየው ከሚተነፍስበት ከፊቱ ዙሪያ ማለቴ ነው፤ ለጋሼም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ሁልጊዜ ማን ያስጠጋለት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መሳቢያው በያጁ በእጁ ከሚይዘው ከራሱ ከብየዳ ሽጉጡ ጋር የተሠራ ዓይነት አለ፤ ጢሱ ባለበት ሁሉ አብሮ ስለሚሄድ የሚረሳ የለም። ነገር ግን ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ የያዘ አንጓ ያውቀዋል፤ በኤሌክትሮድ ለሚበይድ ደግሞ አይሆንም። ንጹሕ አየር የሚነፋ ማስክ ማድረግ ለባሹን ይጠብቃል፤ አጠገቡ ማስክ ሳያደርግ ለሚቆመው ረዳት ግን ምንም አይሰጠውም። መገጣጠሚያዎቹ እንዲጠብቁ አዝዣለሁ፤ እሱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እጁ ዳግመኛ መንገድ አጋምሳ ብትወርድስ? ያን ጊዜ ወጣቱን ራሱን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ግን ከፈታሽ ለሚመጣ ጥያቄ እውነተኛውን ምክንያት ይነግረኛል ወይስ እኔ መስማት የምፈልገውን... በጋሼ በኩል ቢጠየቅ ይሻል ይሆን፣ እሱም ቢሆን አለቃው ናቸው፤ እንጃ...