ጃርቷ ወዴት እየሄደች ነበር?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በመኪና ተገጭተው መንገድ ላይ ስለሚቀሩ እንስሳት ነው። በተለይ ደግሞ እኛ የምንጽፍ ሰዎች፣ ቀልድ የምንጽፍም ስለ ተፈጥሮ የምንጽፍም፣ እነሱን ምን እንደምናደርጋቸው። ርዕሱ ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል። ብዙዎቻችን አንዳንድ የዱር እንስሳትን በቅርብ ያየነው እንደዚያ ሆነው ብቻ ነው፤ በሌሊት የሚወጡትን ማለቴ ነው፣ በሕይወት እያሉ ጥላቸውን እንኳ አናገኘውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስቂኝ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። አንድ ችኩል ሹፌር በሌሊት ሲነዳ ጃርት ይገጫል፣ እሾኋ ጎማውን ይበሳዋል፣ ተቀያሪ ጎማ አልያዘም፣ ከዚያ መከራው እየተደራረበበት ይሄዳል። ሰው ፊት ሳነበው ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ጃርቷ ግን ወዴት እየሄደች ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ለነገር አልነበረም፣ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። መልስ አልነበረኝም። ስለ ሹፌሩ ጫማ ሳይቀር ጽፌያለሁ፣ ስለ ጃርቷ ግን ከእሾኋ በቀር አንድ ቃል የለም።

ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ይዤላችሁ የመጣሁት እሱኑ ነው።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀ አንድ ያረጀ ቀልድ አለ። ዶሮዋ ለምን መንገዱን ተሻገረች? መልሱ፦ ወደ ማዶ ለመድረስ። እ.ኤ.አ. በ1847 ኒውዮርክ ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፣ መኪና ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ማለት ነው። ሰው የሚስቀው ብልጥ መልስ ሲጠብቅ ተራ መልስ ስለሚሰጠው ነው። እኔ ግን አሁን ስሰማው ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው እላለሁ። እንስሳ ዝም ብሎ መንገድ ላይ አይገኝም። ጉዳይ አለው።

ጉዳያቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ጉርጥ በዝናባማ ሌሊት መንገድ የሚያቋርጠው እንቁላል ወደሚጣልበት ኩሬ ለመድረስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደተፈለፈለበት ኩሬ። መንገዱ የተሠራው በኋላ ነው፣ ኩሬው ቀድሞ ነበረ። እባብ አስፋልት ላይ የሚዘረጋው አስፋልቱ ፀሐይ ከገባች በኋላም ሙቀት ስለሚይዝ ነው። ጉጉት ከመንገድ ዳር ሣር ውስጥ አይጥ ያያል፣ ዝቅ ብሎ ሲበር የመኪናው ከፍታ ላይ ይደርሳል። ጥንብ የሚበሉት ደግሞ ቀድሞ የተገጨውን ሊበሉ መጥተው እነሱም እዚያው ይቀራሉ። ይህን የመጨረሻውን ሳስብ በጣም ነው የሚከፋኝ፤ አንዱ ሞት ሌላውን ይጠራል።

ሁለተኛው ነገር፣ እንስሳው አደጋ ሲያይ የሚያደርገው ነው። ኤሊ ጭንቅላቷንና እግሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። አጋዘን መብራት ሲበራባት ቆማ ትቀራለች፣ ዓይኗ ለጨለማ ተከፍቶ ስለነበር ብርሃኑ ያሳውራታል። ጃርት ደግሞ ጀርባዋን ትሰጥና እሾኋን አቁማ ድርቅ ትላለች። እሾኋን ትወረውራለች የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አትወረውርም። እየቆመች፣ እያንቋቋች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየገፋች ነው የምትከላከለው። አንበሳን ያስቆመ ዘዴ ነው እኮ! ለረጅም ዘመን የሠራ ዘዴ። ከዚያ አንድ ቀን መኪና መጣ።

ቀልድ ለምትጽፉ ወገኖቼ የምለው እዚህ ጋ ነው። በዚህ ውስጥ ሳቅ የለም አልልም። አለ። አንዲት ጃርት ለአንድ ሙሉ የጭነት መኪና ጀርባዋን ሰጥታ «ና እስኪ ሞክረኝ» ብላ ስትቆም የሚያስቅ ነገር አለው፣ ድፍረቷ ነው የሚያስቀው፤ እንባም እዚያው አጠገብ ነው። የማይረባው ሳቅ እንስሳው ስለተጨፈለቀ ብቻ የሚመጣው ነው። እሱን አንድ ጊዜ ይስቁበታል፣ ከዚያ አለቀ። እኔም የጻፍኩት እሱን ነበር፤ ጃርቷ በታሪኬ ውስጥ ከሚስማር አትለይም ነበር፣ በቦታዋ ሚስማር ብተካ አንድም አንቀጽ አይለወጥም።

ሳቅና እውቀት አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮጀር ነትሰን የሚባል የሥነ ሕይወት መምህር መንገድ ላይ የተደፈጠጡ እንስሳትን ለመለየት የሚረዳ መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ወፍ ለማየት የሚወጡ ሰዎች እንደሚይዙት ዓይነት መመሪያ ነው፣ ልዩነቱ እንስሶቹ ጠፍጣፋ መሆናቸው ነው። ሰው ሳቀበት። ግን መጽሐፉ የቆመው ሰውየው እንስሶቹን ስለሚያውቃቸው ነው። አንባቢው እየሳቀ ሳለ ያ ነገር ጨርቅ እንዳልሆነ፣ ስም እንዳለው ይማራል። ስም መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልበል። እኛ «ተገጨ» እንላለን። ጃርት ተገጨ፣ ቀበሮ ተገጨ። ማን ገጨው? ግሱ አይናገርም፣ ሹፌሩ ከዓረፍተ ነገሩ ወርዶ ሄዷል። ጽሑፋችሁን ስታርሙ «ተገጨ» ያላችሁበትን ሁሉ ፈልጉና አንድ ጊዜ «ገጨሁት» ብላችሁ ሞክሩት። ድንገት ታሪኩ ውስጥ ሰው ይገባል፣ የፍሬን ድምፅ ይገባል፣ ከመኪና ወርዶ ማየት ወይም አለማየት ይገባል።

ስለ ተፈጥሮ ከሚጽፉት ውስጥ ይህንን በደንብ ያወቁ አሉ። አሜሪካዊው ጸሐፊ ባሪ ሎፔዝ በአገሩ ከኦሪገን እስከ ኢንዲያና ግዛት በመኪና ሲጓዝ መንገድ ላይ ሞተው ያገኛቸውን እንስሳት እየቆመ፣ እያነሳ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያስቀምጥ ነበር፤ ጽሑፉ በቃ ይኸው ነው፣ መቆም፣ ማንሳት፣ ይቅርታ መጠየቅ። አሜሪካዊው ገጣሚ ዊሊያም ስታፎርድ ደግሞ በጨለማ መንገድ ላይ ስለተገኘች የሞተች አጋዘን ግጥም አለው። ሆዷ ገና ይሞቃል፣ ውስጥ ያለው ግልገል በሕይወት አለ። ያገኛት ሹፌር የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ ያስባል፣ ሌላ መኪና መጥቶ እንዳይጋጭ መንገዱ መጠረግ አለበት። ከዚያ ወደ ወንዙ ይገፋታል። ግጥሙ ላይ ለቅሶ የለም፣ ስብከት የለም። ያቺን ትንሽ ማመንታት ብቻ ነው የሚያሳየን፤ አንብቤ ለቀናት ከላዬ አልወረደም።

አንዳንድ የተፈጥሮ ጸሐፊዎች ግን ደሙንና አንጀቱን ዘርዝረው ሲያበቁ ሥራቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም። አንባቢው ፊቱን ያዞራል፣ እንስሳውን አላየውም።

ቆሞ ማየት ምን ያህል እንደሚያስገኝ ከሳይንስም ልጥቀስላችሁ። ዴይተን ስቶነር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከባለቤቱ ጋር በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ውስጥ በመኪና ተጓዘ። ደርሶ መልስ 632 ማይል ነበር፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባልና ሚስት መንገዱ ላይ የሞተውን ሁሉ ቆጠሩ፦ 225 እንስሳት፣ 29 ዓይነት ዝርያ። በማግስቱ ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። በዚያ ዘመን መኪና ምን ያህል ጥቂትና ዝግተኛ እንደነበር አስቡት። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ለጉዳያቸው እየሄዱ ሳሉ፣ ሌላው ሁሉ የሚያልፈውን ነገር «ይሄ ማን ነው?» ብለው እያንዳንዱን መጠየቃቸው ነው።

ሌላም አለ። እዚያው አሜሪካ፣ ነብራስካ ግዛት ውስጥ ቻርልስ ብራውንና ሜሪ ቦምበርገር ብራውን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከድልድይ ስር በጭቃ ጎጆ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ወፍ ለ30 ዓመት ሲከታተሉ፣ በመኪና የተገጩትንም እያነሱ ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፤ የወፎቹ ብዛት ጨምሮ ሳለ የሚገጩት በጣም ቀንሰዋል። የሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ክንፍ ነበራቸው፣ በሕይወት ያሉት ክንፍ ደግሞ በአማካይ እያጠረ መጣ። አጭር ክንፍ ከመሬት ቶሎ ለመነሳትና ለመታጠፍ ይመቻል። መንገዱ የወፏን ክንፍ እየቀረጸ ነው ማለት ነው! ይህንን ያወቅነው ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው የሞተች ወፍ ስላነሱ ነው።

መፍትሔው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ያወራሉ። ካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አጥርና የእንስሳት መሻገሪያ፣ ከመንገዱ በላይም ከመንገዱ በታችም፣ ከተሠራ በኋላ ግጭቱ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አንዳንዶቹ ድቦች መሻገሪያውን ለመልመድ ዓመታት ወስዶባቸዋል። ልብ በሉ፣ የመሻገሪያዎቹን ቦታ ለመምረጥ መጀመሪያ መታወቅ የነበረበት እንስሶቹ ከየት ወደየት እንደሚሄዱ ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ መሐንዲሶቹም ጥያቄ ነበር።

ያንን ልቦለድ እንደገና ጻፍኩት። ከመጀመሬ በፊት ስለ ጃርት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጃርቶች ተጣምረው እንደሚኖሩ፣ ግልገሎቹን ወንዱም ሴቷም እንደሚጠብቁ፣ ሥራሥር ቆፍረው እንደሚበሉ፣ አጥንት ወደ ጉድጓዳቸው ተሸክመው እየወሰዱ እንደሚቆረጥሙ ያወቅሁት ያኔ ነው። አዲሱ ታሪክ የሚጀምረው ከሹፌሩ አይደለም። እንዲህ ይጀምራል፦ «ጃርቷ ከጉድጓዷ የወጣችው ጨለማው ሲበረታ ነው። ቀን የዘነበው ዝናብ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መሬት አለስልሶታል፣ ሽታው እስከዚህ ይመጣል። ጓደኛዋ ከግልገሎቹ ጋር ቀርቷል።»

ሹፌሩ አሁንም አለ፣ መከራውም አለ፣ ሰው አሁንም ይስቃል። የሚስቁበት ቦታ ግን ተለውጧል፤ ጃርቷ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጎማው ሲተነፍስ ማንም አይስቅም።

አዛውንቱ ሁለተኛው ንባብ ላይ አልነበሩም። ጽሑፉን በእጅ ላኩላቸው፣ ከገጹ ራስ ላይ «መልሱ ይኸው» ብዬ ጽፌበት።