በቦይ የቆመች መንደር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የመስኖ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ?

የጋበዙኝ ልጆች «ስለ ምን ይናገራሉ?» ብለው ሲደውሉልኝ «አርጀንቲና ውስጥ ስላለች የዌልሾች መንደር» አልኳቸው። ስልኩ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ «ጋሼ፣ ስለ መስኖ ነበር እኮ ያልንዎት» አለችኝ። ታገሡኝ፣ ስለ መስኖ ነው። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መንደሯ ጋይማን ትባላለች። ስሙ የቴሁኤልቼዎች ነው፤ የአገሩ ነባር ሰዎች እነሱ ናቸው። የመሳያ ድንጋይ ወይም የድንጋይ ጫፍ ማለት ነው ይላሉ። ያለችው በአርጀንቲና ደቡብ፣ ፓታጎንያ ውስጥ፣ ቹቡት የሚባል ወንዝ ዳር ነው። ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ግን ሞልቷል።

ዌልሾች እዚያ ምን ወሰዳቸው? ዌልስ የብሪታንያ አካል ናት፤ የራሷ ቋንቋ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች ዌልሽ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲያወራ ከተያዘ እንጨቱ ወደዚያኛው ይዞራል። ትምህርት ሲያልቅ እንጨቱ አንገቱ ላይ የቀረው ልጅ ይገረፋል። ልጅን በልጅ ማስጠበቅ ማለት ይኼ ነው።

ማይክል ጆንስ የሚባል የባላ ከተማ ሰባኪ ደግሞ አሜሪካን አይቶ ነበር። እዚያ የሄዱት ዌልሾች ኑሯቸው ደህና ነው፤ ልጆቻቸው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ሰውየው ማንም የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ፈለገ። የአርጀንቲና መንግሥትም ደቡቡን ሰው እንዲሰፍርበት ይፈልግ ነበር። ተገናኙ።

ሚሞዛ የተባለችው መርከብ ግንቦት 28 ቀን 1865 ከሊቨርፑል ተነሣች። ሻይ ለማመላለስ የተሠራች መርከብ ናት። ከ150 የሚበልጡ ሰዎች አሳፍራ ልክ በሁለት ወሯ፣ ሐምሌ 28፣ ዛሬ ፖርቶ ማድሪን የምትባለው ከተማ ያለችበት ዳርቻ ደረሰች። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ሐምሌ ክረምት ነው። ብርድ። ተነግሯቸው የነበረው ግን እንደ ዌልስ ሜዳ አረንጓዴ አገር ነው። አስቀድመው ቦታውን ካዩት አንዱ ሉዊስ ጆንስ ነበር፤ ሪፖርቱን ትንሽ አሳምሮት ነበር መሰለኝ። ሰዎቹም ይቅር አላሉትም፤ ተጣልተውት ለጊዜው ጥሏቸው ሄደ።

የሚገርመው ሌላ ነው። እርሻ ሊመሠርቱ ከመጡት መካከል ገበሬ የሚባለው ጥቂት ነበር። ከሰል ቆፋሪ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ አናጢ አለ። የሚጠጣ ውሃ ያለው ወንዝ ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብዙዎቹ ያንን ደረቅ ሜዳ በእግራቸው ተሻገሩ።

ስንዴ ዘሩ። አልበቀለም። እንደገና ዘሩ። ዝናብ የለም። በሕይወት ያቆያቸው የመንግሥት እርዳታና ቴሁኤልቼዎቹ ናቸው። በ1866 ፍራንሲስኮ የሚባል አለቃ ከሰዎቹ ጋር መጣ፤ አደን አስተማራቸው። ሥጋና ቆዳ በዳቦ ይለዋወጡ ጀመር። ቴሁኤልቼዎቹ ቶሎ የለመዱት የዌልሽ ቃል «ባራ» ነው ይባላል። ዳቦ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉም ውሎች ይኼኛውን አምነዋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ መጣሁ።

ኅዳር 1867 ነው። አሮን ጄንኪንስና ሚስቱ ሬቸል ማሳቸው ዳር ቆመዋል። የዘሩት ስንዴ ደርቆ ሊሞት ነው። ከኋላቸው ወንዙ ሞልቶ ይፈሳል። ሬቸል ወንዙን አየችው፣ መሬቱን አየችው። ውሃው ከማሳው ከፍ ብሏል! ሐሳቡ የሷ ነው ይባላል። አሮን አካፋውን አንሥቶ ዳርቻውን ቆረጠው። ውሃው በቀጭኑ ቦይ ገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ስንዴው ቀና አለ።

እናንተ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ በየሙላቱ ደለሉን ዳርና ዳር ይጥላል፤ ቀስ በቀስ ዳርቻው ከጀርባው ካለው ሜዳ ከፍ ይላል። በዚያ ወቅት ደግሞ የአንዲስ ተራሮች በረዶ ይቀልጣል፣ ወንዙ ይሞላል። ዳርቻውን በትክክለኛው ጊዜ መቁረጥ ነው። ጎረቤቶቻቸው አይተው በየማሳቸው ቆፈሩ። ኋላ በማኅበር ተደራጅተው ትልልቅ ቦዮች አወጡ። በእኛ አገር የውሃ አባት እንደሚባለው፣ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው አያስፈልግም ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ውሃ ባለበት ጭቅጭቅ አይቀርም።

የቋንቋ ሕልም እዚያ አደረሳቸው። ያቆያቸው ግን ያ ቦይ ነው። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ጋይማን የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የድንጋይ ቤት በ1874 ተሠራ፤ ቤቱ ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። የቹቡት ወንዝ ሸለቆ ስንዴ በ1889 ፓሪስ፣ በ1893 ቺካጎ በነበሩት ዓለም አቀፍ ትርኢቶች ተሸለመ። እኚያ ከሰል ቆፋሪዎች!

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ያታልላል። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ዌልሾቹ ሸለቆውን ሲያለሙ የአርጀንቲና ጦር ነባሮቹን እያሳደደ ነበር። በ1883 ሰፋሪዎቹ ለጦር አዛዡ ጽፈው ለቴሁኤልቼዎቹ ምሕረት ለመኑ። አልተሰሙም። ሰውን ካገሩ ነቅሎ ሲያበቃ በዚያው መሬት ላይ ስላደገ ስንዴ ብቻ ማውራት አልፈልግም።

ወንዙም ቢሆን ሁልጊዜ ወዳጅ አልነበረም። በ1899 ሞልቶ ሸለቆውን አጥለቀለቀው። ቤት፣ ቤተ ጸሎት፣ ቦይ ጠረገ። በ1902 ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ሄዱ። ሁለተኛ ስደት። ወንዙን የሚገታው ግድብ የተሠራው በ1960ዎቹ ነው።

ከእንጨቱ የሸሹት ልጆችስ? በመንግሥት ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ገባ። ልጆቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆኑ። ሰባኪው የፈራው ነገር በሌላ ቋንቋ መጣ። ዌልሽ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በ1906 በጋይማን የራሳቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ዛሬም ከዌልስ መምህራን ይመጣሉ፤ በየዓመቱ የግጥምና የመዝሙር ውድድር አለ።

ለቱሪስት ደግሞ ሻይ ቤቱ አለ። በ1995 ልዕልት ዲያና ጋይማን ሄዳ ሻይ ጠጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ስም የሰማ ሁሉ እሷን ነው የሚያነሣው። ጥቁር ኬካቸው ፍራፍሬ የሞላበት፣ ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ነው። እሱም ቢሆን ያለ ስንዴ አይጋገርም።

ሰዓቴ አልቋል። የሸለቆውን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፌላችኋለሁ፤ ቦዮቹን በሰማያዊ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ያልታያችሁ ነገር ካለ እዚያው በሩ ጋ እቆማለሁ። አመሰግናለሁ።