ሰይፋችሁን ጠርጋችኋል?

እሺ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ነገር አለ እሱን ነው የማወራችሁ፣ የጣት አሻራ በሸሪዓ ዳኝነት ማስረጃ ይሆናል ወይ የሚለውን። የበድር ጦርነት ላይ፣ 624 ማለት ነው፣ ሁለት ልጅ እግር አንሷሮች፣ የመዲና ሙስሊሞች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋ መጥተው የመካ ጠላቶቻቸውን መሪ አቡ ጀህልን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አይ እኔ ነኝ ይላሉ። ነቢዩ የጠየቁት ምን መሰላችሁ? ሰይፋችሁን ጠርጋችኋል? አልጠረግንም አሉ። ሰይፎቹን አዩና ሁለታችሁም ገድላችሁታል አሉ፣ የሟቹን ትጥቅ ግን ከሁለቱ አንዱ ለሆነው ለሙዓዝ ኢብኑ ዐምር ሰጡ።

ይሄን ሐዲስ ስንቴ ሰምቼ ያቺን "አልጠረግንም" ዘልያት ነበር። ይሄኮ በቃ ፎረንሲክ ነው፣ ሰይፉ ላይ የቀረው ምልክት ማስረጃ ሆነ!

አሻራ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሱረቱል ቂያማን ነው የሚጠቅሰው፣ አላህ የጣቶችን ጫፍ ሳይቀር መልሶ ያስተካክላል የምትለዋን 4ኛዋን አንቀጽ። ደስ ትላለች፣ ግን የምታወራው ስለ ትንሣኤ ነው፣ ለዳኝነት የሚቀርበው እኔን ብትጠይቁኝ የነቢዩ ዩሱፍ ቀሚስ ነው፣ የጌታው ሚስት ስትከሰው ማለት ነው፣ ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነቷን ነው ከኋላ ከሆነ ግን እሱ፣ ከኋላ ሆኖ ተገኘ። ዑለሞች ቀሪና የሚሉት ይሄ ነው፣ ነገሩን የሚጠቁም ምልክት። በ1350 የሞቱት ዓሊም ኢብኑል ቀይም ደግሞ በዪና፣ ማስረጃ፣ ማለት ምስክር ብቻ አይደለም፣ ሐቅን የሚገልጥ ነገር ሁሉ ነው ብለው ሞግተዋል።

ታዲያ አሻራ ብቻውን ለምን የሌባ እጅ አያስቆርጥም? አብዛኞቹ ፉቀሃዎች፣ የሸሪዓ ሕግ ሊቃውንት፣ ሁዱድ ላይ፣ ቅጣታቸው በሸሪዓ የተወሰነ ወንጀሎች ላይ ማለት ነው፣ ቀሪናን አይቀበሉም፣ የማሊኪ መዝሀብ ሰዎች ያላገባች ሴት እርግዝናና የመጠጥ ሽታ ላይ ይለያሉ፣ ስርቆት ላይ ግን ሁለት ምስክር ወይ የተከሳሹ የራሱ የእምነት ቃል ነው የሚሉት፣ ሹብሃ፣ ጥርጣሬ፣ ካለ ሐድ፣ ያ የተወሰነው ቅጣት፣ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ድሮ ይሄን ስሰማ አፍር ነበር፣ ሳይንስ እያለ ምን ዓይነት ነገር ነው እል ነበር።

ከዛ የብራንደን ሜይፊልድን ነገር አነበብኩ። አሜሪካዊ ጠበቃ ነው፣ የሰለመ። በ2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮቹ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ የፈንጂ ማቀጣጠያ የነበረበት ላስቲክ ላይ የተገኘው አሻራ የሱ ነው ተባለ፣ ኤፍቢአይ መቶ በመቶ አለ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ሌላ ባለሙያ እንኳ አዎ አለ፣ ሁለት ሳምንት ታሰረ፣ ከዛ የስፔን ፖሊስ አይ የአንድ አልጄሪያዊ ነው አለ። ይቅርታ ጠየቁት፣ 2 ሚሊዮን ዶላርም ተከፈለው። እሱ ስለተፈታ ነው ይቅርታውን የሰማው፣ የተቆረጠ እጅ ቢሆንስ?

ደግሞ ማመሳሰሉ ትክክል ቢሆን እንኳ አሻራ የሚለው ይሄ እጅ ነክቷል ነው፣ መቼ ነካ፣ ለምን ነካ አይልም፣ ባለፈው ሳምንት እንግዳ ሆኖ መጥቶ ይሆናላ።

ግን የተሰረቀውስ? ይሄ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፣ ሌሊት ለሚገባ ሌባ ሁለት ምስክር ከየት ይመጣል? እዚህ ጋ ነው ተዕዚር፣ ቃዲው ማለት ዳኛው አመዛዝኖ የሚወስነው ቅጣት፣ የሚመጣው፣ ሐድ ባይሞላም ቃዲው አሻራውን ከሌላው ነገር ጋር አይቶ ማሰር ይችላል፣ እቃውን ማስመለስም ይችላል። እጁ ግን ይቀራል።